የእርሻ ወሰንና አበባው

በአገራችን አንዳንድ ገበሬዎች በጤፍና በስንዴ ማሳ ዙሪያ ኑግ ይዘራሉ። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ ከብት ኑግን ስለማይወድ አዝመራውን ይጠብቃል ይባላል። የልማዱ ጥቅም ግን ከዚህ ያልፋል።

የኑግ አበባ በገዛ ራሱ ብናኝ ዘር አይቋጥርም፤ ብናኙን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የምታመላልስለት ንብ ያስፈልገዋል። ጤፍ ግን በራሱ አበባ ስለሚያፈራ ከንብ አንዳች አይጠብቅም። ስለዚህ በጤፍ ብቻ የተሸፈነ አገር ለዓይን ቢያምርም ለንብ ምድረ በዳ ነው።

ሳይታረስ የቀረው ወሰን ደግሞ ሌሎች ነዋሪዎች አሉት። ማሯ ለመድኃኒት የሚፈለገው ጣዝማ ጎጆዋን የምትሠራው ከመሬት በታች ነውና ማረሻ በደረሰበት ቤቷ ይፈርሳል። በአበባ ወለላ የሚኖሩ ጥቃቅን ተርቦችም እንቁላላቸውን ሰብል በሚያጠፋው ትል ገላ ውስጥ ይጥላሉ፤ የተፈለፈለውም እጭ ትሉን ከውስጥ በልቶ ይገድለዋል። ያለ ደመወዝ እንዲህ የሚያገለግል ዘበኛ ከየት ይገኛል?

እነዚህን ሁሉ የሚጎዳው ያለ ጥንቃቄ የሚረጭ መድኃኒት ነው። ቱ ፎር ዲ የተባለው የአረም ማጥፊያ ጤፍንና ስንዴን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን ያደርቃል፤ ስለዚህ በወሰን ላይ የተዘራውን ኑግም ሆነ ንብ በዘመነ ጽጌ፣ ማለት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን፣ የምትቀስመውን አደይ አበባ አይምርም። የተባይ መርዝ ደግሞ ንቧን ራሷን ይገድላል። መርጨት ግድ ከሆነ አበባው ሳይፈካ፣ አለዚያም ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ በምሽት ይሁን፤ ባለ ቀፎው ጎረቤትም አስቀድሞ ይነገረው።