ስልኩ ያቀላው ፊት

ቶንጎ ውስጥ ኔትወርክ በሚገኝበት ቀን ልጃገረዶች ተሰብስበው በስልክ ፎቶ ሲነሱ ልብ በሏቸው። ካሜራው እንዳሉ አያወጣቸውም። «ፊልተር» የሚሉት ነገር ቆዳቸውን ያቀላዋል፣ አፍንጫቸውን ሰልካካ ያደርገዋል። ልጅቷ ቀና ብላ መስታወት ስታይ ግን የምታገኘው ሌላ ሰው ነው።

ውበት ድሮም መለኪያ ነበረው። በአካባቢያችን የበርታ እናቶች በሁለቱም ጉንጫቸው ላይ ያለው ሦስት ሦስት ቁም መስመር የወግ ምልክት ነበር፤ የልጅ ልጆቻቸው ጉንጭ ላይ እየጠፋ ነው። ለውጡን አልጠላሁትም፤ ቆዳ በስለት መቅደድ የሚያስከትለውን ነርስ ያውቀዋል። ነገር ግን የያኔዋ ልጅ ራሷን የምታስተያየው ከጎረቤቷ ጋር ነበር። የዛሬዋ ማንም ሰው ላይ ከሌለ ፊት ጋር ትፎካከራለች።

ይህ የጡረተኛ ስጋት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፊጂ ደሴቶች፣ ናድሮጋ በሚባለው አውራጃ፣ ቴሌቪዥን የገባው በ1995 (እ.ኤ.አ.) ነው። እዚያም እንደ እኛው ሞላ ያለች ሴት የምትደነቅበት ባህል ነበር። አን ቤከር የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በዚያው ዓመት ተማሪ ልጃገረዶችን ሲጠይቁ፣ ለመቅጠን ብላ ራሷን የምታስመልስ አንድም አላገኙም። ከሦስት ዓመት በኋላ ከጠየቋቸው ውስጥ ግን ከመቶ 11 ያህሉ ያደርጉት ነበር። ቴሌቪዥን እንኳ የሚቀመጠው ሳሎን ነው፤ ስልክ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የማቅያው ቅባት ነው። ብዙዎቹ ቅባቶች ውስጥ እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያሉ፣ ለቆዳ በሽታ በሐኪም ትዕዛዝ የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ። ፊት መጀመሪያ ይጠራል። ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ብጉር ይወጣል። ልጅቷ ስታቆመው ይብስባታል፤ ስለዚህ ደብቃ ትመለስበታለች። አንዳንዱ ደግሞ ሜርኩሪ አለበት። ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ እርጉዝ ከሆነች ፅንሱ ጋ ይደርሳል። ማሸጊያው ላይ «ካሎሜል» ወይም «ሜርኩሪክ» የሚል ካያችሁ፣ ወይም ውስጡ ያለው ነገር ጭራሽ ካልተጻፈ፣ ቤት አታስገቡት።

ቤታችንም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። «ቀይዋ ልጄ» እያልን አንዷን ስንጠራ ጠይሟ እህቷ ትሰማለች። «ወፈርሽ እኮ!» ለእኛ ትውልድ ደልቶሻል ማለት ነው፤ ምርቃት ነው። የ14 ዓመቷ ልጅ ግን እንደዚያ አትሰማውም፤ ማታ ራቷን ትተዋለች።

ስልኩን መንጠቅ ብዙ አይጠቅምም፤ የጓደኛዋ አለ። አጠገቧ ተቀምጣችሁ «እስቲ ይሄ ፊልተር እንዴት ነው የሚሠራው? የእኔንም ፊት አሳዪኝ» በሏት። አያት በፊልተር ወጣት ስትሆን አይቶ የማይስቅ ልጅ አላየሁም፤ ከሳቁ በኋላ ወሬው ይቀላል።

ምግብ ደጋግማ የምትተው፣ በልታ ወዲያው ሽንት ቤት የምትገባ፣ የምትከሳ፣ የወር አበባዋ የቀረ ልጅ ካለች ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ቅባት ለወራት ስትቀባ የቆየችም እንዲሁ፤ በራሷ በአንድ ቀን ከማቆሟ በፊት ባለሙያ ይያት። ስትሄዱ የቅባቱን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለቀም ቢሆን፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።