አልማዙን ተዉት፣ ብረቱን ጠይቁ

ማይንክራፍት የተባለውን ጨዋታ አንድም ቀን ያልነካ ሰው እንኳ አልማዙን ያውቀዋል። ሰማያዊው የአልማዝ ሰይፍ የልጆች ካናቴራና የደብተር ቦርሳ ላይ ታትሞ ይሸጣል። ልጅ ከኮምፒውተሩ ፊት ብድግ ብሎ ከጮኸም አብዛኛውን ጊዜ ያገኘው አልማዝ ነው። ብረት አገኘሁ ብሎ የሚጮህ የለም። ያ ዓለም የሚተዳደረው ግን በብረት ነው፤ አልማዙ ጌጡ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጨዋታውን የጀመረው ማርከስ ፐርሰን የተባለ ስዊድናዊ ነው። ገና ያላለቀውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ ለቀቀው፤ ሙሉው በኖቬምበር 2011 ወጣ። በ2014 ማይክሮሶፍት ሞጃንግ የተባለውን የስቶክሆልም ኩባንያ ከነጨዋታው በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። እስከ 2023 ድረስ ከ300 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጧል። አፈሩም ዛፉም ተራራውም ጎኑ አንድ አንድ ሜትር ከሆነ ኩብ የተሠራ ነው። ተጫዋቹ እዚያ ባዶ እጁን ይጣላል። ዛፍ በቡጢ ደብድቦ ግንድ ይወስዳል (እንዴት ተብሎ አይጠየቅም)፤ ከግንዱ የእንጨት ዶማ፣ በእንጨቱ ዶማ ከፈለጠው ድንጋይ ደግሞ የድንጋይ ዶማ ያበጃል።

ብረት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማዕድኑ ግራጫ አለት ላይ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። በእንጨት ዶማ የመታው ሰው ድንጋዩን ይሰብረዋል እንጂ የሚያነሣው ነገር አያገኝም። በድንጋይ ዶማ የመታው ጥሬውን ብረት ይዞ ይሄዳል፤ አቅልጦም ጥፍጥፍ ያደርገዋል። 3 ጥፍጥፍና 2 ዱላ አንድ የብረት ዶማ ይሆናሉ። አልማዝ፣ ወርቅ፣ ኤመራልድና እንደ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚያስተላልፈው ሬድስቶን የሚወጡት በዚህ ዶማ ወይም ከእሱ በሚበልጥ ብቻ ነው። ከእሱ ባነሰ መሣሪያ የተመታ አልማዝ እንደ ተራ ድንጋይ ተሰባብሮ ይቀራል። የወርቅ ዶማ እንኳ አያወጣውም፤ 32 ብሎክ እንደፈለጠ ራሱ ይሰበራል። የእንጨቱ 59፣ የድንጋዩ 131፣ የብረቱ 250 ይችላል። አልማዙ 1,561 መቻሉ እርግጥ ነው፤ ግን የብረት ዶማ ያረጀበት ሰው ሌላ ሠርቶ ይቀጥላል፣ የአልማዙ ባለቤት ግን ዕቃውን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ በብረቱ ሲቆፍር ብዙ ጊዜ ይታያል።

ብረት ፍለጋ የሚወጣ ሰው ሁለት አቅጣጫ አለው። ጨዋታው ከፍታን በቁጥር ይለካል፤ የዓለሙ ወለል ከዜሮ በታች 64፣ ጣሪያው 320 ነው። ብረት በብዛት የሚገኘው በ16 አካባቢ ከመሬት በታች፣ አለዚያም በ232 አካባቢ ረጃጅም ተራሮች ውስጥ ነው። ተራራ ሠንጥቆ ብረት ማውጣት ለጨዋታው ሠሪዎች አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ኪሩና የተባለው ታላቅ የብረት ማዕድን ማውጫ ያለው እዚያው ስዊድን ውስጥ ነው፤ አገሪቱም ከአውሮፓ ኅብረት አባላት ቀዳሚዋ የብረት ማዕድን አምራች ናት።

ማቅለጡ ላይ ግን ጨዋታው ያለ ኀፍረት ይዋሻል። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የጥንት ብረት ሠሪዎች በከሰልና በወናፍ ይህን ያህል ሙቀት ማግኘት ስለማይችሉ፣ ከእቶናቸው የሚወጣው ቆሻሻ የተቀላቀለበት፣ ቀዳዳ የበዛበት ጓል ነበር፤ ደጋግመው እያጋሉ በመዶሻ ቀጥቅጠው ነው ብረት የሚያደርጉት። በማይንክራፍት 8 ድንጋይ ገጥሞ ምድጃ የሠራ ሰው አንዱን ጥሬ ብረት በ10 ሰከንድ ያቀልጣል። አንድ የድንጋይ ከሰል ለ8 ይበቃል። ማገዶው ጣውላም ቢሆን ምድጃው አያጉረመርምም።

ከብረት ዕቃዎች ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል ሰይፉን ትቼ ባልዲውን እወስዳለሁ። 3 ጥፍጥፍ ብቻ ይበላል። ውኃ የሞላበት ባልዲ የያዘ ሰው ከገደል ቢወድቅ፣ መሬት ሊነካ ሲል ውኃውን ከሥሩ ደፍቶ ይተርፋል። እሳት ሲይዘው ያጠፋበታል፣ በረሃ ላይ እርሻ ያለማበታል። መርዝ የጠጣ ሰው በባልዲ ያለበውን የላም ወተት ጠጥቶ ይድናል። ላቫ (የቀለጠ አለት) የተቀዳበት ባልዲ ምድጃ ውስጥ ሲገባ 100 ዕቃ ያበስላል፤ ባልዲውም ሳይቃጠል ይመለሳል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ኔዘር ወደሚባለው የእሳት ዓለም ለመሻገር ኦብሲዲያን ከተባለ ጥቁር ድንጋይ፣ ቢያንስ ከ10 ኩብ የተሠራ የበር መቃን ያስፈልጋል። ኦብሲዲያንን ቆፍሮ የሚያነሣው ደግሞ ከአልማዝ ዶማ ጀምሮ ያለው ነው። ብልህ ተጫዋች ግን ምን ቆረጠው! ላቫውን በባልዲ አምጥቶ መቃኑ በሚቆምበት ቦታ ያፈሰዋል፣ ውኃ ይደፋበታል፤ ላቫው እዚያው ኦብሲዲያን ሆኖ ይደርቃል። ከዚያ በ1 ጥፍጥፍና በ1 ባልጩት በተሠራው እሳት መጫሪያ በሩን ለኩሶ ይገባል። ጨዋታውን በፍጥነት ለመጨረስ የሚወዳደሩት ብዙዎቹ የሚሻገሩት እንዲህ ነው። የመጨረሻውን ዘንዶ ገድሎ ለመጨረስ አንድም አልማዝ መንካት ግድ አይደለም።

ሙሉው ጥሩር፣ ከራስ ቁር እስከ ጫማ፣ 24 ጥፍጥፍ ይፈጃል። ጋሻ 1 ጥፍጥፍና 6 ጣውላ ነው፤ ይህን ያህል ርካሽ ሆኖ ቀስትንና ፍንዳታን መመከቱ ያስገርማል። መስፍ ግን ሆዱ ሰፊ ነው፤ 31 ጥፍጥፍ ይውጣል።

ቤት ሠርቶ የተረጋጋ ተጫዋች ብረቱን የሚጨርሰው በማሽን ነው። 6 ጥፍጥፍና 1 ዱላ 16 ሐዲድ ይወጣቸዋል፤ የሐዲዱ ጋሪ 5 ይወስዳል። ሆፐር የተባለው ዕቃም 5 ጥፍጥፍና አንድ ሳጥን ይፈልጋል። ሥራው ከላዩ የወደቀበትን ተቀብሎ ወደ ሌላ ሳጥን ወይም ምድጃ ማሳለፍ ነው። ሲያዩት ምንም አይመስልም። ብዙውን በራሱ የሚሠራ እርሻና ፋብሪካ የሚያንቀሳቅሰው ግን እሱ ነው፤ መቶ ሆፐር የፈለገ ሰው 500 ጥፍጥፍ ማሰናዳት አለበት። ብረት የትም አለ ሲል የነበረው ሰው ብረት አለቀብኝ ማለት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ። በዚሁ ጨዋታ መዳብ ቀስ በቀስ ይሻግታል፣ በመጨረሻም አረንጓዴ ይሆናል። ብረት ግን ዝናብ ላይ ቢያድር ቢከርም አይዝግም። ለመዳብ እንዲህ የተጨነቁ ሰዎች የብረትን ዋና ጠላት መርሳታቸው አይገባኝም።

የብረቱ ጉዳይ መልኩን የሚቀይረው መንደር ሲደረስ ነው። በ2012 ጨዋታው ውስጥ የገባው፣ የብረት ጎሌም የተባለው ግዙፍ ፍጡር መንደሮችን ይጠብቃል። ተጫዋች 20 ነጥብ ነፍስ ሲኖረው ጎሌሙ 100 አለው፤ ዞምቢ ካየ አንሥቶ ወደ ሰማይ ይወረውረዋል። አልፎ አልፎ ቆም ብሎ ለመንደሩ ልጆች ቀይ አበባ ይዘረጋል። 4 የብረት ብሎክ፣ ማለትም 36 ጥፍጥፍ፣ በT ቅርጽ ገጥሞ የተፈለፈለ ዱባ ከላይ የሚያስቀምጥ ሰው የራሱን ጎሌም መሥራት ይችላል። ጎሌሙ ሲሞት ግን ከ3 እስከ 5 ጥፍጥፍ ብረት ይጥላል።

ተጫዋቾች ይህን ለማወቅ ብዙ አልቆዩም። በኮምፒውተሩ የጃቫ ቅጂ ላይ መንደርተኞች ዞምቢ አይተው ሲሸበሩ አዲስ ጎሌም ከምንም ይፈጠራል። ስለዚህ ሦስት መንደርተኞችን ከነአልጋቸው አንድ ክፍል ዘግቶባቸው፣ ዞምቢ ፊት ለፊታቸው አስሮ የሚያኖር ሰው መፍለቂያው የማይደርቅ ብረት አለው። ሊጠብቃቸው የመጣው ጎሌም በውኃ እየተገፋ ላቫ ላይ ይደርሳል፣ ብረቱን ሆፐር ይለቅመዋል። ጭካኔ ነው፤ ግን በብዙ ዓለም ይህ እርሻ ከቤቱ ቀጥሎ የሚሠራ ነገር ነው።

ብረቱም ወደ መንደሩ ይመለሳል። የጥሩር፣ የመሣሪያና የሰይፍ ሠሪዎቹ 4 ጥፍጥፍ በ1 ኤመራልድ ይገዛሉ (እኛ ዘንድ ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባለ ሲገለል ኖሯል፤ እዚያ ግን የሚርቀው የለም)። ግብይቱ ሲደጋገም ጥሩር ሠሪው በሙያው ያድጋል፣ ከአልማዝ የተሠራ ሱሪና ጫማ ገበያ ላይ ያወጣል፤ በመጨረሻው ደረጃ የራስ ቁሩንና የደረት ጥሩሩንም ይጨምራል። ኤመራልዱ ያለው ተጫዋች፣ በዕድሜው አንድ አልማዝ ሳይቆፍር፣ ከራስ እስከ እግሩ አልማዝ ለብሶ ይወጣል።