የመንጠቆ ዘንግና ከራስ በላይ ያለው ሽቦ



ሳምንቱን ሙሉ ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ፊት የዋለ ሰው በዕረፍቱ ቀን ወደ ውኃ ዳር ወርዶ ዓሣ ቢያጠምድ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። አእምሮ ያርፋል፤ ሳንባም ንጹሕ አየር ያገኛል። ከጉለሌ ክፍለ ከተማ ተነሥቶ ወደ ቆቃ ወይም ወደ ዝዋይ የሚጓዝ ሰው ስለ ውኃው ጥልቀትና ስለ ጉማሬው አስቀድሞ ያስባል። ነገር ግን የአጥማጅ ዓይን ዘወትር ከውኃው ላይ የተተከለ ስለ ሆነ፥ ከራሱ በላይ የተዘረጋውን የኤሌክትሪክ ሽቦ መርሳት እጅግ ቀላል ነው። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ሽቦ ይሆናል።

በአገራችን ውኃና ኤሌክትሪክ ጎረቤታሞች ናቸው። የቆቃ ሐይቅ ራሱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ሥራ በጀመረው ግድብ ምክንያት፥ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ተብሎ የአዋሽ ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረ ነው። እንግዲህ አምባዛና ቆሮሶ ፍለጋ የሚሄዱበት ሥፍራ የኃይል መስመር መነሻም መሆኑን አይዘንጉ።

ኤሌክትሪክ ምን ጊዜም ወደ መሬት የሚወርድበትን መንገድ ይፈልጋል። ወፍ በአንድ ሽቦ ላይ ያለ ጉዳት የምታርፈው መሬትንም ሌላውንም ሽቦ ስለማትነካ ነው። ሰው ግን በመሬት ላይ ቆሞ ሽቦውን በዘንግ የነካ እንደ ሆነ፥ ኮረንቲው በዘንጉና በሰውነቱ አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል። በቤታችን ያለው ኃይል 220 ቮልት ሲሆን ሰውን ለመግደል ይበቃል። በየመንገዱ በምሰሶ ጫፍ የሚያልፈው መካከለኛ መስመር ደግሞ 15,000 ቮልት፥ ይኸውም የቤቱን 70 እጥፍ ያህል ነው። እንዲህ ያለው ኃይል አየሩን ዘሎ ሊይዝ ስለሚችል፥ «አልነካሁትም» ማለት ብቻ አያድንም።

አሁን ሒሳቡን እናድርግ። የመንጠቆው ዘንግ 4 ሜትር ቢሆን፥ ክንዱን ዘርግቶ ከሚያነሣው ሰው ቁመት ጋር ሲደመር 6 ሜትር ያህል ከፍታ ይደርሳል። ይህም ብዙ የመንደር ሽቦ የሚገኝበት ከፍታ ነው። ከዚህም በላይ ዘመናዊው ዘንግ የሚሠራበት ካርቦን ፋይበር ኮረንቲ ያስተላልፋል። ሸምበቆና የባሕር ዛፍ እንጨትም ከረጠቡ አይታመኑም። በእጅዎ የያዙት ሁሉ የእጅዎ ተቀጥላ ነው።

ስለዚህ መንጠቆውን ከመወርወርዎ በፊት ቀና ብለው ግራና ቀኙን ይመልከቱ። ከሽቦው ቢያንስ 30 ሜትር ይራቁ። ከአንዱ ሥፍራ ወደ ሌላው ሲሄዱ ዘንጉን አጥፈው ወይም አጋድመው ይያዙ። ሽቦ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ይረግባል፤ ሙቀት ሲበረታም ይበልጥ ዝቅ ይላል። በጀልባ የሚያጠምዱ ከሆነ፥ ውኃው ከክረምት በኋላ ሲሞላ ጀልባውም ወደ ሽቦው እንደሚቀርብ ያስቡ። ክርዎ በሽቦ ላይ ቢጠመጠም አይሳቡት፤ ትተውት ይራቁ። የዘንግ ዋጋ ከነፍስ ዋጋ አይበልጥም።

ይህ ጥንቃቄ ለሐይቅ ብቻ አይደለም፤ ከገዛ ደጃፍዎ ይጀምራል። በጉለሌ መንደሮች ባሕር ዛፍ የሚያስቆርጥ፥ የብረት መሰላል የሚያቆም፥ በትከሻው ፌሮ ተሸክሞ በጠባብ መንገድ የሚታጠፍ ሁሉ ለዚሁ አደጋ የተጋለጠ ነው። ቅርንጫፉ ሽቦ የነካ ዛፍ ቢያዩ ራስዎ አይቁረጡት፤ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ያስታውቁ።

ሰው በኮረንቲ ተይዞ ቢያገኙ፥ ከሁሉ የሚከብደው ነገር እጅን መሰብሰብ ነው። ወንድሙን ወይም ልጁን ለማስጣል ሮጦ የያዘው ሰው ራሱ ሁለተኛ ሟች ሊሆን ይችላል። አደጋው በቤት ውስጥ ከሆነ አስቀድመው ከቆጣሪው ዘንድ ማብሪያ ማጥፊያውን ያጥፉ። ከውጭ መስመር ከሆነ ግን ከ10 ሜትር ያላነሰ ርቀው ሰዎችንም ያርቁ፤ ኃይሉ እንዲቋረጥ በ905፥ አምቡላንስ እንዲመጣም በ907 ይጥሩ። ሽቦ በመኪናዎ ላይ ቢወድቅ ኃይሉ መቋረጡ እስኪረጋገጥ ድረስ ከውስጥ አይውጡ። እሳት አስገድዶዎት መውጣት ግድ ከሆነ፥ መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነኩ ሁለቱን እግሮችዎን አጣምረው ዘለው ይውረዱ፤ እግርዎን ሳያነሡም በትንንሽ እርምጃ እየጎተቱ ይራቁ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ይህን ምክር ዛሬ ማታ ለልጆችዎ ይንገሯቸው፤ በተለይም ዘንጉን ተሸክሞ ከፊት ከፊት መሮጥ ለሚወደው።