የቤት ውስጥ ስፖርት ከአቅም ጋር ሲመዘን

በአቃቂ ዳርቻ በሚገኙት የአፈር መንገዶች ላይ በማለዳ የሚወጣ ሰው በቡድን የሚሮጡ አትሌቶችን ማየቱ የተለመደ ነው። አሠልጣኞች አቃቂን የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ስላለው በዚያ ዳገት ላይ የሚካሄደው ልምምድ ዝግ ያለ ነው። አቃቂ ግን ዝቅ ያለና ሞቃት፣ መሬቱም ሜዳማ በመሆኑ ፈጣኑ ልምምድ ይካሄድበታል። ለዓለም ሻምፒዮንነት የሚዘጋጅ አትሌት እንኳ ጫናው በቀንና በቦታ ተለክቶ ይሰጠዋል ማለት ነው።

እኛ ግን በቤታችን ስፖርት ለመሥራት ስንነሳ ብዙውን ጊዜ ይህን ልኬት እንዘለዋለን። በሰፈራችን የሚኖር አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ለወራት ምንም ሳይንቀሳቀስ ከቆየ በኋላ፣ በስልኩ ያገኘውን ፕሮግራም በመከተል በአንድ ምሽት 100 ፑሽ አፕና 200 ጊዜ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ሠራ። በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቃተው፤ በሦስተኛው ቀን ሽንቱ እንደ ወፍራም ሻይ ጠቆረ። ሐኪም ዘንድ ሲወሰድ የጡንቻ ሕዋሳቱ ተሰባብረው ውስጣቸው የነበረው ማዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ወደ ደሙ መግባቱና ኩላሊቱን ሊጎዳው መቃረቡ ታወቀ። ለቀናት ፈሳሽ በደም ሥሩ ሲሰጠው ቆይቶ ዳነ። ፕሮግራሙ በራሱ ስሕተት አልነበረበትም፤ የተዘጋጀው ግን ለሌላ ሰው ነበር። ታዲያ ለእኔ የሚስማማኝ የትኛው ነው የሚለውን ጥያቄ እንዴት እንመልስ? ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያልዘለለ ዕውቀት ብዙ ይረዳናል።

ደረጃው እንደ መለኪያ

በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚኖር ሰው የብቃት መለኪያ መሣሪያ በደጁ አለው። የአንዱ ደረጃ ቁመት 17 ሳንቲ ሜትር፣ የደረጃዎቹም ብዛት 70 ቢሆን ጠቅላላ ከፍታው 12 ሜትር ያህል ነው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ይህን ሲወጣ በመሬት ስበት ላይ የሚሠራው ሥራ 60 × 9.8 × 12፣ ማለትም ወደ 7,056 ጁል ይሆናል። በ60 ሴኮንድ ከወጣው ፓወሩ 118 ዋት፣ በ40 ሴኮንድ ከወጣው ግን 176 ዋት ነው።

ሁለት ሰዎችን ለማነጻጸር ፓወሩን ለክብደታቸው ብናካፍል ክብደት ከሒሳቡ ይወጣል፤ የሚቀረው ከፍታውና ጊዜው ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰዓትና አንድ ደረጃ ለመነሻ ግምት ይበቃሉ። በስፔን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት የልብ ሕመም ምልክት በነበራቸው 165 ሰዎች ላይ ይህንኑ ሞክሯል። ስድሳውን ደረጃ ከ45 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ የወጡት ጥሩ ብቃት እንዳላቸው፣ 90 ሴኮንድና ከዚያ በላይ የፈጀባቸው ግን አቅማቸው ዝቅተኛ እንደሆነ በሆስፒታል ምርመራ ተረጋግጧል።

ይሁን እንጂ ቁጥሩን እንዳለ ወስደን በራሳችን ላይ ልንፈርድ አይገባም። ጥናቱ የተካሄደው በባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። አቃቂ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከቆላ ለትምህርት የመጣ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢደክመው ስንፍና አይደለም። የዛሬውን ጊዜ መዝግቦ ከወር በኋላ ከራሱ ጋር ማነጻጸሩ ይበልጣል።

ፑሽ አፕ እንደ መፈንቅል

ብዙዎች ፑሽ አፕን የሚያዩት መቻል ወይም አለመቻል አድርገው ነው። በፊዚክስ ዓይን ግን ሰውነታችን የእግር ጣቶቻችን ላይ የተደገፈ መፈንቅል ነው። እጅ የሚሸከመው የክብደታችንን ከፊል ብቻ ሲሆን፣ መጠኑም በአቋቋማችን ይወሰናል። በኃይል መለኪያ ሰሌዳ ላይ በተደረጉ ልኬቶች መሠረት በተለመደው ፑሽ አፕ እጆች ከሰውነት ክብደት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይሸከማሉ። ጉልበት መሬት ሲነካ ግማሽ ያህሉን፣ እጆች 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ጠንካራ ወንበር ላይ ሲያርፉ ደግሞ 40 በመቶውን ያህል ይሸከማሉ። ለ60 ኪሎ ሰው ይህ እንደ ቅደም ተከተሉ 40፣ 30 እና 24 ኪሎ ግራም ነው። ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሲሠራ ጫናው ከዚህም ያነሰ ነው።

እንግዲህ ለጀማሪና ለጠነከረ ሰው ሁለት የተለያዩ ስፖርቶች አያስፈልጉም፤ የሚለወጠው የዘንበሉ መጠን ነው። ከግድግዳ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መሬት መውረድ በራሱ ፕሮግራም ነው።

ጀሪካንና ወገብ

ብረት የሌለው ሰው ጀሪካን አለው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ በየሳምንቱ ግማሽ ሊትር መጨመር ጫናን ቀስ በቀስ ለማሳደግ ምቹ ዘዴ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው በአያያዙ ላይ ነው። 10 ኪሎ ግራም ከወገብ አጥንት 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሲያዝ 49 ኒውተን ሜትር ቶርክ ይፈጥራል። ይህን የሚመክቱት የጀርባ ጡንቻዎች ከአጥንቱ የሚርቁት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ወደ 980 ኒውተን፣ ማለትም የ100 ኪሎ ግራም ክብደት የሚያህል ኃይል ማውጣት ይኖርባቸዋል። ጀሪካኑ ወደ ሰውነት ቀርቦ ርቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ግን 392 ኒውተን ይበቃል። በአንድ ዕቃ ላይ ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣው አያያዝ ብቻ ነው።

መውረድ ለምን ያማል?

ወደ ተማሪው ጎረቤታችን እንመለስ። ቁጢጥ ስንል ወይም ደረጃ ስንወርድ የጭን ጡንቻ እየተሳበና እየረዘመ ሰውነታችንን ፍሬን እንደሚይዝ ሆኖ ያቆማል። በዚህ ጊዜ ጫናውን የሚካፈሉት የጡንቻ ክሮች ከመውጣቱ ጊዜ ያነሱ በመሆናቸው በእያንዳንዱ ክር ላይ የሚያርፈው ኃይል ይበዛል። ሕመሙም ወዲያውኑ ሳይሆን ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። ስለዚህ ጀማሪ ሰው «ዛሬ ምንም አልተሰማኝም» ብሎ በማግስቱ እጥፍ መጨመር የለበትም። መለስተኛ ሕመም በጥቂት ቀናት ያልፋል። የሽንት መጥቆር፣ እብጠት ወይም እጅና እግር ማንሳት አለመቻል ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድን የሚጠይቁ ምልክቶች ናቸው።

ምርጫው

ከዚህ በመነሳት ለአንባቢያን የሚከተለውን እንመክራለን።

ደረጃውን ሲወጣ መሀል ላይ የሚቆም ወይም ወጥቶ መናገር የሚያቅተው ሰው በእግር ጉዞ፣ ከወንበር በመነሳትና በግድግዳ ፑሽ አፕ ይጀምር። ሳይቆም የሚወጣ፣ ነገር ግን ትክክለኛ ፑሽ አፕ ከአምስት በላይ የማይዘልቅ ሰው ወንበሩን ይጠቀም። ከአሥራ አምስት በላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ ወደ መሬትና ወደ ጀሪካን ሊሸጋገር ይችላል። በሁሉም ደረጃ ከሚችሉት ከፍተኛ ቁጥር በግማሹ መጀመር፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን መሥራትና በመካከሉ ማረፍ ተገቢ ነው። ስፖርቱን እየሠራን ማውራት ከቻልን ግን መዝፈን ካልቻልን ጫናው መካከለኛ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሆኑት ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይመክራል። ይህ የምንደርስበት ግብ እንጂ የመጀመሪያው ቀን ግዴታ አይደለም።

ሁለት ማሳሰቢያዎች ይቀራሉ። ከሰል በሚነድበትና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስፖርት አይሠራ፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ስለሚጣበቅና በፍጥነት ስንተነፍስ በብዛት ስለምንስበው አደገኛ ነው። በተጨማሪም በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የሚመጣ የልብ ሕመም በአገራችን ወጣቶች ላይ የሚታይ በመሆኑ፣ ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን የሚስት ሰው ደረጃውን ከመሞከሩ በፊት ይመርመር።

ጎረቤታችን ዛሬ ወደ ስፖርቱ ተመልሷል። የጀመረው ከግድግዳ ነበር፤ በአምስተኛው ወሩ መሬት ደርሷል። በደብተሩ ላይ በየሳምንቱ የሚመዘግበው ሁለት ቁጥር ነው፦ ደረጃውን የወጣበት ሴኮንድና የጀሪካኑ ሊትር።