የሬዲዮ ድምፅ የማይደርስበት ሕንፃ

በሲያትል ሬይነር ቫሊ የምንኖር ጎረቤታሞች የእጅ ሬዲዮ ይዘን ሰፈሩን እየዞርን ነው። ድምፅ ጥርት ብሎ የተሰማበትን ቦታ ካርታ ላይ አረንጓዴ፣ የተቆራረጠበትን ቢጫ፣ የጠፋበትን ቀይ እንቀባለን። በ2001 እ.ኤ.አ. ከተማዋን መጠኑ 6.8 የሆነ መንቀጥቀጥ መቷታል፤ እንዲህ ባለ ቀን ስልክ ይጨናነቃል።

ካርቶኑ ላይ «35 ማይል» የሚለውን እርሱት! እንዲህ ያለው ፈቃድ የማይጠየቅበት ሬዲዮ ጉልበቱ ቢበዛ 2 ዋት ነው፤ ሞገዱን ደግሞ ኮረብታ ይጋርደዋል። እኛና ምዕራቡ ሰፈር መሃል ቢከን ሂል ተገትሯል። ስለዚህ አናቱ ላይ መልእክት ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሰው መድበናል።

ቀይ ከቀባናቸው ሕንፃዎች በአንዱ ግን ከአማርኛ ሌላ የማይሰሙ እናቶች አሉ። ሬዲዮው ቢደርስስ ማን ያስተረጉምላቸዋል? እዚያ የምትኖሩ ተማሪዎች፣ አንዱን ሬዲዮ እናንተ ያዙልን።