የአሻንጉሊት ፊልምና የቤተ ሰብ ትምህርት

ልጅን ምክር ብቻ አያሳድገውም። አባት ቢመክረው፥ መምህር ቢገሥጸው፥ እናት ብትቈጣው ሁሉን በዝምታ ይሰማና ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ነገር ግን ያንኑ ምክር ጦጣ ለአንበሳ ስትናገር በተረት የሰማው እንደ ሆነ ከቶ አይረሳውም። አያቶቻችን ይህን ስላወቁ ማታ በእሳት ዳር ልጆችን ሰብስበው እንስሳትን ያናግሩ ነበር። በዘመናችን ይህን የአያቶች ሥራ ከሚጋሩት አንዱ በአሻንጉሊት የሚሠራው ፊልም ነው። ዛሬ በቤተ ሰብ ዐምዳችን የምናቀርበው ስለዚህ ዐይነቱ ፊልምና በገዛ ቤታችን ስላስተማረን ነገር ነው።

በአገራችን በዚህ ሥራ ስማቸው ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ናቸው። ወይዘሮ ብሩክታዊት በአዲስ አበባ የሕፃናት መምህርት ነበሩ። ከባለቤታቸው ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር «ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ» የተባለውን ድርጅት አቋቁመው፥ በመኖሪያ ቤታቸው አሻንጉሊት እየሠሩ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን የልጆች ትርኢት ጀመሩ። ትርኢቱ በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን። ዋናዋ ባለ ታሪክ ፀሐይ የምትባል የቀጭኔ ግልገል ናት። ያላወቀችውን ትጠይቃለች፤ በዚህም ሕፃናትን ፊደልን፥ ንጽሕናንና መልካም ጠባይን ታስተምራለች። ትርኢቱ በ2008 በውጭ አገር በተደረገ የልጆች ፕሮግራም ውድድር ተሸልሟል፤ ወይዘሮ ብሩክታዊትም በ2010 የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት ተቀብለዋል።

እኛ የምንኖረው በኬንያ፥ በናይሮቢ ከተማ ሰሜናዊ ክፍል፥ ሩንዳ በሚባለው ሰፈር ነው። ሩንዳ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ካለበት ከጊጊሪ አጠገብ የሚገኝ፥ ዛፍ የበዛበት ሰፈር ነው። ስለዚህ በአንድ መንገድ ዳር የብዙ አገር ሰዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም በአንድ ሜዳ ኳስ ይጫወታሉ። ቋንቋቸውና መልካቸው መለያየቱ ለጨዋታቸው እንቅፋት ሲሆን አላየንም። መለያየት ያስቸገረን ከአጥራችን ውጭ ሳይሆን በገዛ ቤታችን ውስጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባትና እናቱን በሞት የተነጠቀ፥ የሰባት ዓመት የእኅታችን ልጅ ከመቀሌ ወደ እኛ መጣ። የሚያውቀው ትግርኛ ብቻ ነበር። ልጆቻችን ግን ያደጉት በውጭ አገር ስለ ሆነ ከእንግሊዝኛና ከአማርኛ በቀር ትግርኛን በቃል በቃል እንጂ አያውቁትም። ብላቴናው ከበር አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ይቀመጥ ነበር። መሶብ ሲቀርብ ሌሎች እስኪጀምሩ ይጠብቃል፤ «ጠገብህ?» ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል። ፀሐይን በቴሌቪዥን እያሳየን አማርኛ እናስተምረው ጀመር። ፊደሉ ለትግርኛም ለአማርኛም አንድ ስለ ሆነ ትምህርቱን ቶሎ ያዘ፤ ከበርጩማው ግን አልተነሣም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለ ጣለ ልጆቹን ሁሉ ሰብስበን በ1999 የተሠራውን «መፔትስ ፍሮም ስፔስ» የተባለውን የአሜሪካ የአሻንጉሊት ፊልም አሳየናቸው። መፔት የሚባሉት አሻንጉሊቶች ጂም ሄንሰን የተባለው ሰው ከ1955 ጀምሮ በቴሌቪዥን ያስተዋወቃቸው ናቸው። ተጫዋቹ ከታች ተሸሽጎ አንድ እጁን በአሻንጉሊቱ ራስ ውስጥ አግብቶ አፉን ይከፍትለታል፤ ክንዶቹንም በቀጫጭን ዘንጎች ያንቀሳቅሳል። እጅ የለበሰው ጨርቅ በዐይን ፊት ነፍስ የዘራ ይመስላል።

በፊልሙ ውስጥ ጎንዞ የሚባል፥ አፍንጫው የተቈለመመ ሰማያዊ አሻንጉሊት አለ። ከእንቁራሪት፥ ከአሳማ፥ ከድብና ከአይጥ ጋር በአንድ ቤት ይኖራል። ሌላው ሁሉ ነገዱ ይታወቃል፤ እርሱ ግን ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። ፊልሙ የሚጀምረው ጎንዞ ባየው ሕልም ነው። በሕልሙ የጥፋት ውሃ ቀርቦ እንስሳት ሁሉ ወደ ኖኅ መርከብ ይገባሉ፤ ጎንዞ ግን ወገኑ የማይታወቅ ስለ ሆነ ኖኅ ይከለክለዋል።

በዚህ ጊዜ ያ ዝምተኛ ልጅ እንግሊዝኛ ባያውቅም በዐይኑ ያየው ስለ በቃው ከበርጩማው ተነሣ። «አኮይ» አለን፤ በትግርኛ አጎቴ ማለቱ ነው። «ስለ ምን ከለከለው? ብቻውን ስለ ሆነ ነውን?»

መልስ ሳናገኝ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጃችን ቀደመችን። ከምታውቃቸው ጥቂት የትግርኛ ቃላት አንዱን መርጣ፥ «እንደ አንተ ጋሻ ስለ ሆነ ነው» አለችው። በአማርኛ ጋሻ ማለት ጦር የሚመከትበት መሣሪያ ነው፤ በትግርኛ ግን ጋሻ ማለት እንግዳ ማለት ነው።

ልጅቱ በክፋት አልተናገረችም። ቃሉን ያገኘችው ከእኛ ነበር። ወዳጆቻችን ለጥየቃ ሲመጡ፥ «እነዚህ ልጆቻችን ናቸው፤ ያ ደግሞ ከአገር ቤት የመጣ ጋሻችን ነው» ስንል ከርመናል። በእኛ ሐሳብ ማክበራችን ነበር፤ እንግዳ በአገራችን የተከበረ ነውና። ልጁ ግን የሰማው ሌላ ነው፤ እንግዳ አንድ ቀን የሚሄድ ሰው ነው። ለካ በበር አጠገብ ያስቀመጥነው እኛ ኖረናል! ወዲያው ፊልሙን አቁመን በሁሉም ፊት፥ «በዚህ ቤት ጋሻ የለም፤ እርሱም የቤቱ ልጅ ነው፤ ስሕተቱም የእኛ ነው» አልን። ባለቤታችንም ብላቴናውን ወስዳ ከልጆቹ መካከል አስቀመጠችው።

ፊልሙም ቀጠለ። በመጨረሻው ጎንዞን የሚመስሉ ዘመዶቹ ከሕዋ መጥተው ከእኛ ጋር ሂድ ይሉታል። እርሱ ግን በክፉ ቀን ሊያድኑት ከደከሙት ከቤቱ ጓደኞች ጋር መቅረትን ይመርጣል። ልጆቹ ሁሉ አጨበጨቡ፤ የእኅታችን ልጅ ግን አላጨበጨበም። «ዘመዶቹን ካገኛቸው ስለ ምን አልሄደም? እኔ እናቴ ብትመጣ እሄድ ነበር» አለ። ባለቤታችን፥ «እውነት ነው ልጄ፤ እኛም ሄደህ እናትህን ብታቅፋት ደስ ይለን ነበር» አለችው። በዚያች ሌሊት ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን አሰምቶ አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ግን መሶብ ሲቀርብ ለመጥራት አላስፈለገም።

ከዚህ የተማርነው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፥ አዲስ ቤት ያገኘ ልጅ የፊተኛውን ቤት እንዲረሳ ማስገደድ አይገባም፤ የእናቱን ስም በነጻነት የሚጠራበት ቤት ነው ቤቱ የሚሆነው። ሁለተኛው፥ አሻንጉሊት ልጅ በራሱ አፍ ሊናገረው የማይችለውን ኀዘን ይናገርለታል። ይህን የተረዱ የደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች «ታካላኒ ሰሳሚ» በተባለው የልጆች ፕሮግራም በ2002 ካሚ የምትባል አሻንጉሊት አቀረቡ። ካሚ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሟ የሚገኝ፥ እናቷ የሞተችባት ልጅ ናት፤ ጓደኞቿ ግን ሳይፈሯት አብረዋት ይጫወታሉ። በዚያን ጊዜ ስለዚህ በሽታ በብዙ ቤት በግልጥ አይወራም ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹን ሁሉ በላንጋታ ወደሚገኘው የቀጭኔ ማእከል ወሰድናቸው፤ ፀሐይን በአሻንጉሊት ያወቁ በአካል እንዲያዩአት ነው። አስረጂውም የአንዱ ቀጭኔ ዝንጕርጕር ከሌላው እንደማይገጥም ነገራቸው። እኛም የቀጭኔ አንገት ያን ያህል ቢረዝም የአጥንቱ ቍጥር እንደ ሰው አንገት ሰባት ብቻ መሆኑን ጨመርንላቸው። ልጆቹ እየሣቁ አንዱ የሌላውን አንገት በጣት መቍጠር ያዙ፤ ለብላቴናው የቈጠረችለትም «ጋሻ» ያለችው ልጃችን ነበረች።

አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ አንባብያን ሆይ፥ እኛም እንደ እናንተ ይህን ቋንቋ በትምህርት ቤት የለመድን ነንና አንድ ቃል እናስታውሳችሁ። ቤተ ሰብ የሚለው ቃል ከግእዝ የመጣ ሲሆን «ቤት»ንና «ሰብእ»ን፥ ማለት ቤትንና ሰውን ያጣመረ ነው። በትግርኛም ስድራ ቤት ይባላል። በሁለቱም ቋንቋ ቃሉ ቤትን ይጠራል እንጂ ደምን ወይም መልክን አይጠራም።

ስለዚህ ወላጆች ለልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ፊልም ስታሳዩ ቴሌቪዥኑን ከፍታችሁ አትሂዱ፤ አብራችሁ ተቀመጡ። ሲጠይቁ መልሱ፤ ሲስቱ ደግሞ ስሕተቱን ከማን እንደ ተማሩት አስቀድማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እኛ በትግርኛ ጋሻ ብለን የጠራነው ልጅ ይሻ የነበረው በአማርኛ ጋሻ የሚሆነውን ቤት ነበረና።