ቁልፉን ከመጫናችን በፊት

ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን ውስጥ ዘፈኖቹን በሸክላ ሲያስቀርጽ በኤሌክትሪክ መቅረጽ ገና አልተጀመረም ነበር። ድምፁን ሰፊ አፍ ባለው ጡሩምባ ውስጥ አጉልቶ መልቀቅ ነበረበት። ዛሬ አሰላ ላይ የአያቱን ተረት ወይም የእናቶችን የአቴቴ ጸሎት ዜማ መቅረጽ የሚፈልግ ወጣት መሣሪያው በኪሱ ነው። ችግሩ ግን ተገልብጧል፤ የያኔው መሣሪያ ብዙ አይሰማም ነበር፣ የአሁኑ ያልተፈለገውንም ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ የቀረጻው ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ነው።

መጀመሪያ ቤቱ። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ የሚፈጥረው ጫጫታ ከንግግር ድምፅ ጋር ስለሚደራረብ በኋላ ለይቶ ማውጣት ያስቸግራል። ዝናብ ሳይጀምር መቅረጽ ይሻላል። ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ደግሞ ድምፁን መልሶ ይልከዋል፤ ዘግይቶ የሚደርሰው ገደል ማሚቶ ቃላቱን ያደበዝዛል። አንዴ አጨብጭባችሁ አድምጡ። ቤቱ ካስተጋባ ጋቢ፣ ብርድ ልብስና ፍራሽ በዙሪያው ስቀሉ። ድምፅ በክሮቹ መካከል ሲያልፍ በሰበቃ ኃይሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የሣር ክዳን ጎጆ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሆኖም ክብ ግድግዳ ድምፅን ወደ መሐል ስለሚሰበስብ ተናጋሪው ከምሰሶው ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ቀጥሎ ጉሮሮ። የድምፅ አውታሮቻችን ስንናገር በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ ይርገበገባሉ፤ የሴቶች 200 ጊዜ ገደማ ይደርሳል። የሸፈናቸው ስስ እርጥበት ሲደርቅ እነሱን ለማንቀሳቀስ የበለጠ ትንፋሽ ያስፈልጋል። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አሰላ የበጋው ብርዳማና ደረቅ አየር ይህን ድርቀት ያባብሰዋል። የምንጠጣው ውኃ አውታሮቹን በቀጥታ አይነካም፤ ስንውጥ የአየር ቧንቧው ይዘጋልና። የሚደርሳቸው በደም በኩል ስለሆነ ከዋዜማው ጀምሮ መጠጣት ነው። በመጨረሻው ሰዓት የሚረዳው የሞቀ ውኃ እንፋሎት መሳብና ቀስ ብሎ ማንጎራጎር ነው።

በመጨረሻ ርቀት። ማይክሮፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የተናጋሪው ድምፅ ግፊት በግማሽ ይቀንሳል፤ የቤቱ ማስተጋባት ግን እንዳለ ይቆያል። ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው ወደ ጎን ዘወር ይበል። አማርኛና ኦሮምኛ የሚጋሯቸው ጠ፣ ቀ እና ጨ የሚወጡት ጉሮሮ ተዘግቶ የታመቀው አየር ሲፈነዳ ስለሆነ ድንገት ይጎላሉ። ስለዚህ ለሙከራ የሚነገረው ለስላሳ ሰላምታ ሳይሆን ተናጋሪው ድምፁን ከፍ የሚያደርግበት ክፍል ይሁን። ከልክ በላይ ገብቶ የተቆረጠ ድምፅ ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

ሁሉም ሲሰናዳ ግማሽ ደቂቃ ዝምታ ቅረጹ፤ የቤቱን የጀርባ ድምፅ በኋላ ለመቀነስ ያገለግላል። ከዚያ የተናጋሪውን ፈቃድ ጠይቁ፤ ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን በራሱ አንደበት ያስመዝግብ። ንጹሕ ድምፅ የማን እንደሆነ ካልታወቀ ለሚመጣው ትውልድ ግማሽ ቅርስ ነው።